ከባድ አውራ፣ ብዙ የምትጥል እንስት፦ ተርኪን ለፈጣን ዕድገትና ለሥጋ ምርት የማዳቀል አሠራር

ተርኪ የተባለውን ትልቅ የሥጋ ወፍ ማርባት የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ አንድ እውነት ይገጥመዋል። በፍጥነት አድጎ ደረቱ በሥጋ የሚሞላው ዝርያ እንቁላል በመጣልና በመዳቀል በኩል ደካማ ነው፤ እንቁላል በብዛት የሚጥለውና ጫጩት የሚያበዛው ዝርያ ደግሞ ሥጋው ያነሰ፣ ለእርድ ለመድረስም የዘገየ ነው። ይህ የአያያዝ ጉድለት ያመጣው ሳይሆን በዘር ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ ክብደትና የእንቁላል ብዛት በተርኪ ዘንድ አንዱ ሲጨምር ሌላው የመቀነስ ዝንባሌ አላቸው። ሁለቱንም ባሕርያት በአንድ ዝርያ ውስጥ ለማግኘት ለብዙ ዓመታት መድከም ይቻላል፤ ነገር ግን አጭሩና አስተማማኙ መንገድ ሁለቱን ባሕርያት በሁለት የተለያዩ ወላጆች ዘንድ አቆይቶ በጫጩቱ ላይ ማገናኘት ነው። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ሁሉ በዚህ አንድ አሳብ ላይ የቆመ ነው፤ ዕድገቱን ከአውራው፣ ብዛቱን ከእንስቷ እንወስዳለን።

በቅድሚያ አንድ ጉዳይ ግልጽ ይሁን። እዚህ ላይ ማዳቀል የተባለው የተርኪ ዝርያዎችን እርስ በርሳቸው ማጣመር ነው እንጂ ተርኪን ከዶሮ ጋር ማጣመር አይደለም፤ እነዚህ ሁለቱ የተለያዩ የአዕዋፍ ዓይነቶች ስለሆኑ ከእነርሱ ለምርት የሚሆን ድቅል አይገኝም።

የማዳቀሉ ጥቅም ከየት እንደሚመጣ

ድቅል ሁሉ ከወላጆቹ ይበልጣል የሚለው እምነት ብዙ አርቢዎችን አሳስቷል። የድቅል ብርታት የሚባለው ነገር፣ ማለትም ድቅሉ ከወላጆቹ አማካይ መብለጡ፣ እውነት ነው፤ ነገር ግን በሁሉም ባሕርይ ላይ እኩል አይታይም። የሰውነት ክብደት ከወላጅ ወደ ልጅ በደንብ የሚወረስ ባሕርይ በመሆኑ የድቅሉ ክብደት ብዙውን ጊዜ በሁለቱ ወላጆች መካከል፣ ከአማካያቸው ትንሽ ከፍ ብሎ ይገኛል። የእንቁላል ብዛት፣ የእንቁላሉ ለምነት (በአውራ ዘር ጸንሶ ጫጩት ለመሆን መቻሉ)፣ የመፈልፈል መጠንና የጫጩቱ በሕይወት መቆየት ግን የመወረስ መጠናቸው ዝቅተኛ ሲሆን የድቅል ብርታት በጉልህ የሚታየውም በእነርሱ ላይ ነው።

ስለዚህ 15 ኪሎ የሚመዝን አውራ ከትንሽ እንስት ጋር አጣምሮ 15 ኪሎ የሚሆን ልጅ የሚጠብቅ ሰው ማዘኑ አይቀርም። ትርፉ የሚታየው በአንድ ጫጩት ላይ ሳይሆን አንዲት እንስት በምታስገኘው ጠቅላላ ሥጋ ላይ ነው። ይህን በግምታዊ ምሳሌ እንየው። አንዲት ከባድ እንስት በወቅቱ 40 እንቁላል ብትጥልና ግማሹ ቢፈለፈል 20 ጫጩት ትሰጣለች፤ እያንዳንዱ ለእርድ ሲደርስ 10 ኪሎ ቢሆን 200 ኪሎ ይሆናል። መካከለኛ ሰውነት ያላት እንስት ደግሞ 80 እንቁላል ብትጥልና 70 በመቶው ቢፈለፈል 56 ጫጩት ታስገኛለች፤ ከከባድ አውራ በመወለዳቸው እያንዳንዳቸው 7 ኪሎ ቢመዝኑ 392 ኪሎ የቁም ክብደት ከአንዲት እናት ተገኘ ማለት ነው። በዚያ ላይ ይህች ሁለተኛዋ እናት ዓመቱን ሙሉ የምትበላው መኖ ከከባዷ ያነሰ ነው። ቁጥሮቹ በየመንጋው ይለያያሉ፤ የስሌቱ መንገድ ግን ይኸው ነው፤ ማንኛውም አርቢ የራሱን ቁጥር አስገብቶ ሊያሰላው ይገባል።

የወላጅ ዝርያዎችን መምረጥ

በአባት በኩል የሚፈለገው ደረተ ሰፊ፣ ፈጣን አዳጊ ዝርያ ነው። ደረተ ሰፊው ነጭና ደረተ ሰፊው ብሮንዝ (ላባው ነሐስ የሚመስለው) በዚህ ረገድ የታወቁ ናቸው፤ ለገበያ የሚረባው ነጭ አውራ በ20 ሳምንት ዕድሜው ወደ 20 ኪሎ ሊጠጋ ይችላል። ደረተ ሰፊው ነጭ ራሱ የማዳቀል ውጤት ነው፤ ደረተ ሰፊውን ብሮንዝ ከነጭ ሆላንድ ጋር በማጣመርና ልጆቹን በመምረጥ የተገኘ ነው። እነዚህ ከባድ አውራዎች አንድ ትልቅ ጉድለት አለባቸው፤ ደረታቸው ከመስፋቱና ክብደታቸው ከመጨመሩ የተነሣ ሲያድጉ በተፈጥሮ መንገድ እንስትን ማጥቃት ያቅታቸዋል። በመሆኑም ከባድ አውራ የመረጠ አርቢ ሰው ሠራሽ የማዳቀል ዘዴን፣ ማለትም የአውራውን ዘር በእጅ ሰብስቦ ለእንስቷ መስጠትን፣ አብሮ መምረጡን ከመጀመሪያው ማወቅ አለበት።

ሰው ሠራሽ ማዳቀልን ለማይችል አርቢ የተሻለው ምርጫ በአባት በኩል ነባሩን ብሮንዝ መጠቀም ነው። የነባሩ ብሮንዝ ወጣት አውራ ወደ 11 ኪሎ፣ ወጣት እንስቷ ደግሞ ወደ 7 ኪሎ ይመዝናሉ፤ በተፈጥሮ መንገድም ያለ ችግር ይዳቀላሉ። በእኔ ግምት ለአነስተኛ አርቢ ከዚህ የሚሻል መነሻ የለም፤ ዕድገቱ ከደረተ ሰፊው ያነሰ ቢሆንም በየሳምንቱ የሚጠይቀው የእጅ ሥራ የለበትም።

በእናት በኩል ቤልትስቪል ትንሹ ነጭ፣ ነጭ ሆላንድ፣ ናራጋንሴትና ቡርቦን ቀይ ጥሩ ምርጫዎች ናቸው። ቤልትስቪል ትንሹ ነጭ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1930ዎቹ በአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር የቤልትስቪል የምርምር ማዕከል መዘጋጀት የጀመረ ሲሆን፣ ነጭ ሆላንድን፣ ብሮንዝን፣ ናራጋንሴትንና ሌሎችንም በማጣመር የተገኘ ነው፤ ያደገች እንስቱ ወደ 5 ኪሎ ተኩል ብቻ ስትመዝን በእንቁላል ጣይነቷ ግን የተመሰገነች ናት። የናራጋንሴትና የቡርቦን ቀይ ወጣት እንስቶች ወደ 6 ኪሎ ተኩል ስለሚደርሱ የድቅሉን ክብደት ብዙ ሳይቀንሱ ጥሩ እናቶች ይሆናሉ።

የላባ ቀለምንም ከወዲሁ ማሰብ ያስፈልጋል። በታረደ ተርኪ ቆዳ ላይ የሚቀሩ ጥቁር የላባ ጉቶዎች ሥጋውን ያቆሸሹት ይመስላሉ፤ ነጭ ላባ በሥጋ ምርት ዘንድ የተመረጠበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው። በተርኪ ዘንድ የተለመደው ነጭነት በሌላው ቀለም የሚሸፈን ባሕርይ ስለሆነ ነጭ አውራ ከብሮንዝ እንስት ጋር ሲጣመር ልጆቹ ባለቀለም ይሆናሉ። ነጭ ድቅል የሚፈልግ አርቢ አባትንም እናትንም ከነጭ ዝርያ መምረጥ አለበት፤ ለምሳሌ ደረተ ሰፊ ነጭ አውራ ከቤልትስቪል ወይም ከነጭ ሆላንድ እንስት ጋር።

ከናራጋንሴት ጋር የተያያዘ አንድ ጠቃሚ ነገርም አለ። የናራጋንሴት ቀለም ከጾታ ጋር የተያያዘና የሚሸፈን ባሕርይ ነው። ንጹሕ ናራጋንሴት አውራ ከንጹሕ ብሮንዝ እንስት ጋር ሲጣመር ሴቶቹ ልጆች የአባታቸውን የናራጋንሴት ቀለም፣ ወንዶቹ ደግሞ የብሮንዝን ቀለም ይዘው ያድጋሉ፤ ስለዚህ ጾታቸውን በላባቸው መለየት ይቻላል።

ከዝርያው ውስጥ ወላጆችን አንድ በአንድ መለየት

የዝርያ ስም ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ በአንድ ዝርያ ውስጥ ባሉ ተርኪዎች መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው። አባት የሚሆኑትን ለመምረጥ አንድ ላይ የተፈለፈሉና አንድ ዓይነት መኖ የበሉ አውራዎችን በ16 ሳምንት ዕድሜያቸው መመዘን ጥሩ ነው። ዕድሜያቸውና አያያዛቸው የተለያዩ ተርኪዎችን ጎን ለጎን አቁሞ በዓይን ማወዳደር ዘርን ሳይሆን መኖን መምረጥ ይሆናል።

ከሚዛኑ ቀጥሎ እጅ ይሠራል። ተርኪውን ይዘው የደረቱን አጥንት ከፊት ወደ ኋላ በጣት ይዳስሱ፤ የተጣመመ ወይም የተሰበረ አጥንት ያለው ለዘር አይቀርም። ደረቱ በስፋቱ ብቻ ሳይሆን በርዝመቱም የሞላ ይሁን። ከዚያ ይልቀቁትና ሲራመድ ከፊትና ከኋላ ሆነው ይመልከቱት። እግሮቹ ቀጥ ያሉ፣ ጉልበቶቹ ወደ ውስጥ ያልገቡ፣ ጣቶቹ ያልተጣመሙ መሆን አለባቸው። የእግር ችግር ያለበትን አውራ በክብደቱ አንደኛ ስለወጣ ብቻ ለአባትነት ማስቀረት በእኔ ዘንድ ፈጽሞ የማይገባ ሥራ ነው፤ የዛሬ አንድ ኪሎ ትርፍ በሚቀጥለው ወቅት መነሣት የማይችሉ ልጆችን ያመጣል። በተፈጥሮ ለማዳቀል ከታሰበም ከሁሉ የከበደው ሳይሆን ከአማካዩ በላይ ሆኖ ቀልጣፋ የሆነው ይመረጥ።

እናት የምትሆነውን በክብደቷ ሳይሆን በእናቷና በእኅቶቿ ታሪክ ይምረጧት። እናቷ ስንት እንቁላል ጣለች፣ ስንቱ ተፈለፈለ፣ ስንት ጊዜ ለመታቀፍ ተቀምጣ መጣል አቆመች የሚሉት ጥያቄዎች መልስ በመዝገብ ካልተያዘ ምርጫው ግምት ብቻ ይሆናል። ለዚህም እያንዳንዱ ወላጅ በክንፉ ወይም በእግሩ ላይ ቁጥር ያለው ቀለበት ሊኖረው ይገባል።

ጤና

ከሌላ ቦታ የመጣ ማንኛውም ተርኪ ለ30 ቀን ያህል ከነባሩ መንጋ ተለይቶ ይቆይ። በዚህ ጊዜ በእንስሳት ሐኪም አማካይነት ለማይኮፕላዝማና ለሳልሞኔላ የደም ምርመራ ማስደረግ ከፍ ያለ ጥቅም አለው፤ እነዚህ በሽታዎች ከእናት ወደ ጫጩት በእንቁላል በኩል ይተላለፋሉና፤ በተርኪ ላይ የሚታወቅ አንድ የማይኮፕላዝማ ዓይነት ደግሞ በአውራው ዘር ፈሳሽ ጭምር ይተላለፋል። አንድ የታመመ አውራ በሰው ሠራሽ ማዳቀል ምክንያት መንጋውን በሙሉ ሊበክል ይችላል።

ተርኪን ከዶሮ ጋር በአንድ ግቢ አያርቡ። ጥቁር ራስ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው ተውሳክ በዶሮ አንጀት ትል እንቁላል ውስጥ ሆኖ በአፈር ላይ ለዓመታት ይቆያል፤ ዶሮዋን ብዙም ሳይጎዳ ተርኪን በብዛት ይገድላል።

ብርሃንና የወላጆች መኖ

እንስት ተርኪ እንቁላል መጣል የምትጀምረው ቀኑ ሲረዝም ነው፤ አውራውም ዘር የሚያመርተው በዚሁ ምልክት ነው። ተተኪ እንስቶች ከ18 ሳምንት ገደማ ጀምሮ በቀን ከ8 ሰዓት ያልበለጠ ብርሃን ቢያገኙና በ30 ሳምንት አካባቢ በአንድ ጊዜ ወደ 14 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ቢሸጋገሩ፣ ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ተቀራራቢ በሆነ ጊዜ መጣል ይጀምራሉ። ጨለማ ቤት የሌለው አርቢ ቢያንስ የመብራቱን ጭማሪ በዚህ መልክ ሊጠቀምበት ይችላል።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው የአውራው ጉዳይ ነው። የአውራው አካል ዘር ለማምረት ከእንስቷ የበለጠ ጊዜ ስለሚፈልግ የእርሱ መብራት ከእንስቶቹ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ቀድሞ መጨመር አለበት። ይህ ካልሆነ የመጀመሪያዎቹ እንቁላሎች ሁሉ ለም ሳይሆኑ ይቀራሉ፤ አርቢውም ጥፋቱን በመፈልፈያ ማሽኑ ላይ ያሳብባል።

ወላጆች ከእርድ ተርኪ ጋር አንድ ዓይነት መኖ ሊበሉ አይገባም። ማዳቀል እስኪጀምሩ ድረስ 12 በመቶ ያህል ፕሮቲን ያለው መኖ ይበቃቸዋል፤ የሚፈለገው ሳይወፍሩ እንዲበስሉ ነው። እየጣለች ያለች እንስት 14 በመቶ ፕሮቲንና ወደ 2 ነጥብ 25 በመቶ የሚሆን ካልሲየም ያስፈልጋታል። አውራው ይህን ያህል ካልሲየም ስለማያስፈልገው በተለየ ቤት ሲያዝ መኖውም የተለየ ቢሆን ይመረጣል።

በተፈጥሮ መንገድ ማጣመር

ለመካከለኛና ለቀላል ዝርያዎች አንድ አውራ ከ8 እስከ 10 ለሚሆኑ እንስቶች ይበቃል፤ አውራው ከበድ ያለ ከሆነ የእንስቶቹን ቁጥር ወደ 6 ዝቅ ማድረግ ይገባል። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት አውራ ካለ ሲጣሉ ስለሚውሉ ማዳቀሉን ይተዉታል፤ የልጆቹ አባትም አይታወቅም። ስለዚህ አንድ ክፍል፣ አንድ አውራ ይሁን፤ ተጠባባቂው በሌላ ክፍል ይቆይ።

የአውራው ጥፍር እንስቷን ከጀርባዋና ከጎኗ ሊቀድዳት ይችላል። ከማጣመር በፊት የጥፍሩን ጫፍ መቁረጥና ማለስለስ፣ እንዲሁም በእንስቷ ጀርባ ላይ ከሸራ የተሠራ መከላከያ ማሰር ጉዳቱን በእጅጉ ይቀንሳል። በጣም ትንሽ እንስትን ከትልቅ አውራ ጋር ማጣመር ግን በመከላከያ ጨርቅ የሚፈታ ችግር አይደለም፤ እንዲህ ያለው ጥምረት በሰው ሠራሽ መንገድ ብቻ ይሁን።

በሰው ሠራሽ መንገድ ማዳቀል

ይህ ሥራ ሁለት ሰው፣ ንጹሕና ደረቅ የመስታወት ወይም የፕላስቲክ ብልቃጥ፣ ለእያንዳንዷ እንስት አዲስ ቀጭን ቱቦ እና መርፌ የሌለው ትንሽ ሲሪንጅ ይፈልጋል። ልምዱ ካለው ሰው ጎን ቆሞ አንድ ጊዜ ማየት ከብዙ ንባብ ይሻላል፤ ቅደም ተከተሉ ግን እንደሚከተለው ነው።

አንደኛው ሰው አውራውን በጭኑ ላይ ወይም በዝቅተኛ አግዳሚ ላይ በደረቱ አስተኝቶ እግሮቹን ይይዛል። ሁለተኛው ሰው በአንድ እጁ ከሆዱ ሥር፣ በሌላው እጁ ከጀርባው ወደ ጅራቱ አቅጣጫ በተከታታይ ያሸዋል። አውራው ሲነቃቃ ብልቱ ይገለጣል፤ በዚያን ጊዜ ከግራና ከቀኝ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቀስ ብሎ መጫን ዘሩን ያወጣዋል። መጠኑ ትንሽ ነው፤ ከአንድ አውራ በአንድ ጊዜ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ከ0.2 እስከ 0.4 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ ነገር ግን እጅግ የወፈረ ነው። መልኩ እንደ ወተት ቅባት ነጭ መሆን አለበት። ቢጫ የሆነ፣ ውሃ የሚመስል ወይም ኩስ የተቀላቀለበት ዘር አይሠራበት፤ ከሌላው ጋርም አይደባለቅ። አዲስ አውራ እጅ እስኪለምድ ድረስ ጥቂት ቀናት ይፈልጋል፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ መሰብሰብ ተገቢ ነው።

የተሰበሰበው ዘር ካልተቀጠነ በ30 ደቂቃ ውስጥ ማለቅ አለበት፤ ስለዚህ እንስቶቹ ተይዘው ዝግጁ ካልሆኑ አውራውን አይንኩት። ሥራው የሚከናወነው አብዛኞቹ እንስቶች የዕለቱን እንቁላላቸውን ከጣሉ በኋላ፣ ወደ አመሻሹ ላይ ነው፤ በማኅፀኗ ጠንካራ እንቁላል የያዘች እንስት ስትጨበጥ ልትጎዳ ትችላለችና። እንስቷን የያዘው ሰው በሆዷ ግራ ጎን ላይ ሲጫን የእንቁላል ቱቦዋ አፍ ወደ ውጭ ይገለጣል። ሁለተኛው ሰው ቱቦውን ሳያስገድድ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ያስገባና፣ መጀመሪያ ያዡ ጫናውን እንዲያላላ ካደረገ በኋላ 0.025 ሚሊ ሊትር የሚሆን ያልተቀጠነ ዘር ይለቃል። ቅደም ተከተሉ እዚህ ላይ ወሳኝ ነው፤ ጫናው ሳይላላ የተለቀቀ ዘር ተመልሶ ይወጣል።

የመጀመሪያው ማዳቀል የሚደረገው እንስቶቹ ሰው ሲቀርባቸው ዝቅ ብለው መቀመጥ ሲጀምሩ፣ የመጀመሪያው እንቁላል ከመጣሉ በፊት ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ይደገማል፤ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ወይም በየ10 ቀኑ መቀጠል ለምነቱን ይጠብቃል።

አውራ ሲለወጥ የሚደረግ ጥንቃቄ

ማዳቀልን ከሚያበላሹ ስሕተቶች ሁሉ ይህ በጣም የተለመደ ነው ብዬ አምናለሁ፤ እኔም በጀማሪነቴ አንድ ሙሉ ወቅት አጥቼበታለሁ። እንስት ተርኪ የአውራውን ዘር በእንቁላል ቱቦዋ ውስጥ ባሉ ልዩ ከረጢቶች ይዛ ትቆያለች፤ ከአንድ ጥምረት በኋላ ለአምስትና ለስድስት ሳምንታት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ለም እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ብሮንዝ አውራ ከነጭ እንስቶቼ አውጥቼ ነጭ አውራ ባስገባሁ በ10ኛው ቀን የተጣሉትን እንቁላሎች የአዲሱ አውራ ናቸው ብዬ ፈለፈልሁ። ከሁለት ነጭ ወላጆች ባለቀለም ጫጩት ሊገኝ እንደማይችል አውቅ ስለነበር፣ ከመፈልፈያው የወጡት ባለቀለም ጫጩቶች አባታቸው ያባረርሁት አውራ መሆኑን ነገሩኝ። ቀለሙ ባያጋልጠኝ ኖሮ የአሮጌውን አውራ ልጆች መዝኜ ስለ አዲሱ እመሰክር ነበር።

ስለዚህ አውራ ከወጣ በኋላ አዲሱ ገብቶ ቢያንስ ስምንት ሳምንት እስኪያልፍ የሚጣሉ እንቁላሎች ለማወዳደሪያነት አይያዙ። ከሁሉ የሚሻለው ገና ያልተነኩ ወጣት እንስቶችን ከመጀመሪያው ከሚፈለገው አውራ ጋር ብቻ ማጣመር ነው።

እንቁላል መሰብሰብና መፈልፈል

እንቁላል በቀን ቢያንስ አራት ጊዜ ይሰብሰብ። ይህ ንጽሕናውን ከመጠበቁም ሌላ እንስቷ ለመታቀፍ እንዳትቀመጥ ይረዳል፤ ተርኪ በዚህ ጠባይዋ ከዶሮ ትብሳለች። ጎጆዋን አልለቅም ያለችን እንስት ወዲያውኑ ወለሉ ሽቦ ወደሆነ፣ ብርሃን ወዳለውና ጎጆ ወደሌለው ክፍል ለጥቂት ቀናት ማዛወር ወደ መጣል ይመልሳታል።

የሚፈለፈሉት እንቁላሎች ከ13 እስከ 16 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ቦታ፣ ሹል ጫፋቸው ወደ ታች ሆኖ ከ7 ቀን ላልበለጠ ጊዜ ይቀመጡ። በእያንዳንዱ እንቁላል ላይ የክፍሉ ቁጥርና ቀኑ በእርሳስ ይጻፍ። አየር የሚያዘዋውር ማራገቢያ ባለው ማሽን ሙቀቱ 37.5 ዲግሪ፣ እርጥበቱ እስከ 25ኛው ቀን ድረስ ከ55 እስከ 60 በመቶ ይሁን። በ25ኛው ቀን ማገላበጡ ይቆማል፤ እርጥበቱም ወደ 70 በመቶና ከዚያ በላይ ከፍ ይላል። ጫጩቶቹ በ28ኛው ቀን ይወጣሉ። የተለያዩ ጥምረቶች እንቁላሎች በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት በተለያየ የሽቦ ሳጥን ውስጥ ካልተቀመጡ ጫጩቶቹ ይቀላቀላሉ፤ የወራት ሥራም በአንድ ሌሊት ይጠፋል።

በ9ኛው ቀን አካባቢ እንቁላሎቹን በብርሃን ሲመረምሩ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የተርኪ እንቁላል አንዳንድ ጊዜ ያለ አውራ ዘር ማደግ ይጀምራል፤ ይህም በ1950ዎቹ በዚያው በቤልትስቪል ማዕከል በስፋት የተጠና ጉዳይ ነው። አብዛኞቹ ጥቂት አድገው ይሞታሉ፤ አልፎ አልፎ የሚፈለፈሉት ሁሉ ወንዶች ናቸው። ስለዚህ አውራ ካልነካት እንስት እንቁላል ውስጥ ትንሽ የዕድገት ምልክት ቢታይ መዝገቡን አያናውጠው።

ድቅሉን ማሳደግ

ጥሩ ዘር በደካማ መኖ አይታወቅም። የተርኪ ጫጩት ከዶሮ ጫጩት የበለጠ ፕሮቲን ይፈልጋል፦ እስከ 4 ሳምንት 28 በመቶ፣ ከ4 እስከ 8 ሳምንት 26፣ ከ8 እስከ 12 ሳምንት 22፣ ከ12 እስከ 16 ሳምንት 19፣ ከ16 እስከ 20 ሳምንት 16.5፣ ከዚያ በኋላ 14 በመቶ። ለሥጋ ዶሮ የተዘጋጀ መኖ ሲገዛ የመድኃኒቱን ስም ማንበብ ግድ ነው፤ በዶሮ መኖ ውስጥ ለኮክሲዲያ (አንጀትን ለሚጎዳ ተውሳክ) መከላከያ የሚጨመሩት ሳሊኖማይሲንና ናራሲን ለተርኪ መርዝ ናቸው።

የመጀመሪያው ሳምንት ሙቀት በጫጩቶቹ ቁመት ልክ 35 ዲግሪ ሆኖ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ይቀነሳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተርኪ ጫጩት መኖውና ውሃው አጠገቡ እያለ ሳያያቸው በረኃብ ሊሞት ይችላል፤ ስለዚህ ደማቅ ብርሃን ይኑር፤ የእያንዳንዱ ጫጩት መንቁር አንድ ጊዜ ውሃ ውስጥ ይነከር፤ መኖውም በሸካራ ወረቀት ላይ ይበተንለት።

መለካትና ማወዳደር

ድቅሉ የተሻለ መሆኑን ለማወቅ ከሁለቱም ወላጅ ዝርያዎች የተወለዱ ንጹሕ ጫጩቶች በዚያው ሳምንት ተፈልፍለው፣ በዚያው ቤት፣ በዚያው መኖ አብረው ማደግ አለባቸው። ከእያንዳንዱ ወገን 20 የሚሆኑ ወንዶችና 20 የሚሆኑ ሴቶች በ8፣ በ12፣ በ16ና በ20 ሳምንት ይመዘኑ። ወንድና ሴት አንድ ላይ አይሰላ፤ አውራው በጣም ስለሚበልጥ የወንዶቹ ቁጥር በአንድ ወገን ቢበዛ አማካዩ ይዋሻል።

የድቅል ብርታት እንዲህ ይሰላል። የአንዱ ዝርያ አማካይ 10 ኪሎ፣ የሌላው 6 ኪሎ ቢሆን የወላጆቹ አማካይ 8 ኪሎ ነው። ድቅሉ 8.4 ኪሎ ቢመዝን ትርፉ 0.4 ኪሎ፣ ማለትም 5 በመቶ ነው። ከክብደቱ ጎን የተበላው መኖ፣ የሞቱት ቁጥርና ከታረደ በኋላ ያለው የደረት ሥጋ ክብደትም ይመዝገብ። የእርድ ጊዜ የሚወሰነውም በዚህ መዝገብ ነው፤ የሳምንቱ የክብደት ጭማሪ እየቀነሰ የመኖው ፍጆታ እየጨመረ ሲሄድ ጊዜው ደርሷል ማለት ነው። በሴቶቹ ላይ ይህ ከወንዶቹ ብዙ ሳምንታት ቀድሞ ይታያል።

ለቀጣዩ ወቅት የሚቀረው ማን ነው?

መልካም ድቅል ያየ አርቢ ከሁሉ የተሻለውን አውራና ከሁሉ የተሻለችውን እንስት አስቀርቶ እርስ በርስ ሊያጣምራቸው ይፈልጋል። ፈተናው የሚገባኝ ነው፤ ነገር ግን አይደረግ። ድቅል ከድቅል ሲጣመር ልጆቹ የተዘበራረቁ ይሆናሉ፤ አንዱ ወደ ወንድ አያቱ፣ ሌላው ወደ ሴት አያቱ ይሄዳል፤ የድቅል ብርታቱም በግማሽ ይቀንሳል። ከከባድ አውራ የተወለዱት ድቅሎች ሁሉ፣ ወንዱም ሴቱም፣ መጨረሻቸው እርድ ነው።

ከዚህ ውጭ ያለው ሌላው መንገድ ሦስት ዝርያ ማጣመር ነው። ሁለት ብዙ የሚጥሉ ዝርያዎች፣ ለምሳሌ ናራጋንሴትና ቡርቦን ቀይ፣ መጀመሪያ ይጣመራሉ፤ ሴቶች ልጆቻቸው ለእናትነት ይቀመጡና ከከባድ አውራ ጋር ይዳቀላሉ። እናቲቱ ራሷ ድቅል ስለሆነች በእንቁላል ብዛትና በመፈልፈል የሚገኘው ብርታት በእርሷ ላይ ይሠራል፤ ክብደቱ ደግሞ ከአባት ይመጣል። ይህ ሦስት ንጹሕ መንጋ መያዝን ስለሚጠይቅ ቦታና መዝገብ ላለው አርቢ የሚሆን ነው።

ንጹሕ ወላጅ መንጋ ሲጠበቅ የቅርብ ዘመድ መዳቀል ቀስ እያለ ይገባል። በአንድ አውራና በ10 እንስት ብቻ የሚቀጥል መንጋ በየትውልዱ ወደ 14 በመቶ የሚጠጋ የዘመድ መዳቀል ይጨምራል፤ በ6 አውራና በ24 እንስት የተያዘ ግን ወደ 2.6 በመቶ ብቻ ነው። የዚህ ጉዳት መጀመሪያ የሚታየው በሚፈለፈሉት እንቁላሎች ቁጥር መቀነስ ነው። ይህን ያህል አውራ መያዝ ለማይችል ሰው የምመክረው የእናቶቹን ዝርያ ብቻ በራሱ ዘንድ ጠብቆ፣ አባት የሚሆኑትን ከባድ አውራዎች በየወቅቱ ጤናው ከተረጋገጠ መንጋ ማስመጣትን ነው፤ አዲሶቹም የ30 ቀን መለያ ጊዜያቸውን ጨርሰው፣ መብራታቸው ከእንስቶቹ ሦስት ሳምንት ቀድሞ እንዲጨመር ሆኖ ከወዲሁ ይታዘዙ።